እርጎ ቁርጥማት ያሽራል ወይ?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይሰማና በንግግሩ ሥር ዝቅ ይላል)

በጎንደር ከተማ፣ በወገራ፣ በዳባትና በደባርቅ፣ በእርሻም በገበያም በማጀትም ሆናችሁ የምትከታተሉን ሁሉ፣ ሳምንታዊው የጤና ዝግጅታችን ጀምሯል። ሥራ ላይ ያላችሁ ሥራችሁን ሳታቋርጡ፣ ጆሯችሁን ብቻ አውሱን።

የዛሬውን ርዕስ ያመጣው የገበያ ወሬ ነው። አምባ ጊዮርጊስ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋው ደጋ፣ በገበያ ቀን ጣቷን እያሸች «ቁርጥማቱ አላስተኛኝ አለ» የምትል እናት አትጠፋም። አጠገቧ የተቀመጡት ደግሞ ምክር አያጡም። አንዷ ፌጦ፣ አንዷ ነጭ ሽንኩርት፣ አንዷ ጠበል ትላለች። አሁን አሁን አንድ አዲስ ምክር ተጨምሯል፦ «እርጎ ጠጪ፤ ቁርጥማት የሚመጣው ከአንጀት ነው» የሚል።

እውነት ነው? ቁርጥማት ከአንጀት ይመጣል? እርጎስ ያሽረዋል?

መልሱን ከመነሻው ልንገራችሁ። አንጀትና መገጣጠሚያ በእርግጥ ይገናኛሉ። እርጎ ግን የቁርጥማት መድኃኒት አይደለም። ካልተፈላ ወተት ከተሠራማ ራሱ ቁርጥማት ሊያመጣ ይችላል። «ደግሞ ይሄ እንዴት ይሆናል?» እንዳላችሁ አውቃለሁ። እንደርስበታለን።

(አጭር ሙዚቃ)

ለመሆኑ የምናወራው ስለ የትኛው ቁርጥማት ነው? በእኛ ዘንድ ቁርጥማት የማይባል ሕመም የለም። ሸክም የዋለበት ትከሻ፣ በዕድሜ ያለቀ ጉልበት፣ ብርድ ያገኘው ወገብ፣ ሁሉም ቁርጥማት ነው። ሪህም ይባላል። ሐኪሞች ግን ይለዩታል። ዛሬ የያዝነው መገጣጠሚያው የሚያብጥበትን፣ የሚግልበትን፣ ብግነት ያለበትን ዓይነት ነው። ከነዚህ ውስጥ በሰፊው የሚታወቀው ሩማቶይድ አርትራይተስ ይባላል።

ምልክቱን አስተውሉ። የሁለቱም እጆች ጣቶች በአንጓቸው ላይ ያብጣሉ። ጠዋት ሲነሡ ጣት አልታጠፍ ይላል፣ ከአንድ ሰዓት በላይም ደርቆ ይቆያል። የጀሪካን ክዳን ማዞር፣ ሊጥ ማቡካት፣ የልጅ ቁልፍ መቆለፍ ያስቸግራል። ረፋዱ ላይ እጅ ሲፍታታ ሕመሙ ይለቃል። በዕድሜ ያለቀ ጉልበት ተቃራኒው ነው፤ ሲያርፍ ይሻለዋል፣ ሲሠራ ይብስበታል። ሩማቶይድ አርትራይተስ የሽማግሌ ብቻም አይደለም፤ በጉልምስና ዕድሜ ያሉትን፣ ከወንድ ይልቅ ደግሞ ሴቶችን አብዝቶ ይይዛል።

ብርድስ? የወገራን ጠዋት የሚያውቅ ሰው ብርዱን ቢከስ አይፈረድበትም። ብርድ ሕመሙን ያብሳል፤ ይህ እውነት ነው። በሽታውን የሚፈጥረው ግን ብርድ አይደለም። በሽታው በቆላም በደጋም አለ።

ታዲያ ምን ይፈጥረዋል? ሰውነታችን በሽታን የሚከላከል ኃይል አለው። ይህን ኃይል የግቢ ውሻ አድርጋችሁ አስቡት። ደህና ውሻ ቤተሰቡን ለይቶ ያውቃል፣ የሚጮኸው በባዕድ ላይ ነው። በሩማቶይድ አርትራይተስ ግን ውሻው ይሳሳትና የገዛ ቤተሰቡን ይነክሳል፤ መከላከያው የገዛ መገጣጠሚያችንን ያጠቃል። ብግነቱም፣ እብጠቱም፣ ሕክምና ካላገኘ የጣቱ መጣመምም የሚመጣው ከዚህ ነው።

እና ውሻው ቤተሰቡን ከባዕድ መለየትን የት ይማራል? ከሚማርባቸው ቦታዎች አንዱ አንጀት ነው።

(ሙዚቃ፤ ለጥቂት ሰከንድ)

አንጀታችን ባዶ ቱቦ አይደለም። በዓይን የማይታዩ፣ በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ይኖሩበታል። ብዙዎቹ ጠላቶቻችን አይደሉም። እኛ መፍጨት ያቃተንን የገብስና የባቄላ ገለባ እነሱ ያብላሉልናል፤ በምላሹ የአንጀትን ግድግዳ የሚመግብና ብግነትን የሚያበርድ ንጥረ ነገር ይሰጡናል። ያ ግድግዳ ከውስጥ በኩል የተሸፈነው በአንድ ረድፍ ሕዋስ ብቻ ነው። ከሥሩ የሰውነት መከላከያ ትልቁ ሠራዊት ሰፍሯል። የባክቴሪያዎቹ ሚዛን ሲዛባ፣ ግድግዳው ሲሳሳ፣ መከላከያው ይቆጣል። ተመራማሪዎች ቁጣው አንዳንድ ሰው ላይ እስከ መገጣጠሚያ ሊደርስ ይችላል ብለው ይጠረጥራሉ።

ይጠረጥራሉ ነው ያልኩት። ከጥርጣሬው ጀርባ ግን ቁም ነገር አለ። አንድ ታሪክ ላጫውታችሁ።

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ናና ስቫርትስ የሚባሉ ስዊድናዊት ሐኪም ነበሩ። የመገጣጠሚያ ብግነት ከባክቴሪያ ይመጣል ብለው ያምኑ ነበርና አንድ የባክቴሪያ መድኃኒትና አንድ የአስፕሪን ዘመድ ተጣምረው አዲስ መድኃኒት እንዲሠራ አደረጉ። ስሙ ሱልፋሳላዚን ነው። ዛሬም ድረስ ለሩማቶይድ አርትራይተስ ይታዘዛል።

የሚገርመው እንዴት እንደሚሠራ ነው። ሰው ክኒኑን ሲውጠው አብዛኛው እንደተጣመረ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። እዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ጥምሩን ለሁለት ይበጥሱታል። ጥቅም የሚሰጠው ከተበጠሰ በኋላ ነው። ለመገጣጠሚያ የታዘዘ ክኒን አንጀት ውስጥ ባሉ ባክቴሪያዎች እጅ ያልፋል ማለት ነው። የሐኪሟ መነሻ ሐሳብ እሳቸው ባሰቡት መንገድ አልተረጋገጠም፤ መድኃኒታቸው ግን ቆሟል። በሳይንስ እንዲህም ይሆናል።

ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የኒው ዮርክ ተመራማሪዎች በሽታው አዲስ የጀመራቸውን፣ ገና መድኃኒት ያልጀመሩ ሰዎችን ሰገራ መረመሩ። ፕሬቮቴላ ኮፕሪ የሚባል ባክቴሪያ ከአራት ሕሙማን በሦስቱ ተገኘ። ከጤነኞቹ ግን የተገኘው ከአምስት በአንዱ ብቻ ነበር። ዜናው ዓለምን ዞረ፤ «ወንጀለኛው ተያዘ» ተባለ።

ተያዘ እንዴ? አልተያዘም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት ከጋናና ከታንዛኒያ ጋር ከእኛም ሀገር፣ ከጊምቢቹ፣ ናሙና ወስዶ ነበር። ያ ባክቴሪያ አንድ ሳይሆን አራት የተለያዩ ወገኖች እንዳሉት ታየ፤ እህልና ጥራጥሬ በሚበላው የገጠር ሰው አንጀት ውስጥም በብዛት፣ ብዙውን ጊዜ አራቱም አብረው፣ ይኖራሉ። ኒው ዮርክ ላይ የበሽታ ምልክት የመሰለው እኛ ዘንድ የዘወትር ነዋሪ ሊሆን ይችላል። የውጭ ሀገር ምክር እንዳለ ተገልብጦ ወደ እኛ ማጀት ሲገባ እኔ የምጠነቀቀው ለዚህ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

እሺ፣ ወደ እርጎው እንመለስ። ፕሮባዮቲክ የሚለውን ቃል ሰምታችኋል? ዓለም አቀፉ ትርጉም፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው፣ በበቂ መጠን ሲወሰዱ ለጤና ጥቅም የሚሰጡ ሕያው ተህዋስያን ይላቸዋል። ሁለቱን ነገር ያዙልኝ፦ ሕያው መሆን አለባቸው፣ ጥቅማቸውም መታየት አለበት።

ለመገጣጠሚያ ብግነትስ ታይቷል? በኢራን ታብሪዝ ሩማቶይድ አርትራይተስ ያለባቸው 46 ሴቶች ተመርጠው፣ ገሚሶቹ ላክቶባሲለስ ኬዚ የተባለውን ባክቴሪያ፣ ገሚሶቹ ባዶ እንክብል፣ ለ8 ሳምንት ወሰዱ። ባክቴሪያውን የወሰዱት የበሽታቸው ኃይል ቀነስ አለ። ይህ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በካናዳ 29 ሕሙማን ሌሎች ሁለት ዓይነት ባክቴሪያዎችን ለ3 ወር ሞክረው ነበር። እዚያ ግን ከባዶው እንክብል የሚለይ ውጤት አልተገኘም። አንዱ ሠራ፣ አንዱ አልሠራም፤ ሁለቱም ጥቂት ሰው የተሳተፈባቸው ናቸው። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2022 ባዘጋጀው መመሪያ ሕሙማኑ አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ ያልተፈተገ እህልና ዓሣ የበዛበት አመጋገብ ቢከተሉ መልካም ነው ሲል፣ ተጨማሪ እንክብሎችን ግን አልደገፈም። ከፋርማሲ በውድ የሚገዛው የፕሮባዮቲክ እንክብል ከዚያው ነው የሚመደበው። እኔን ብትጠይቁኝ ያ ገንዘብ ባቄላ ቢገዛበት ይሻላል።

አንድ ጥናት ግን ለእኛ ለጾመኞቹ ቀረብ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1991 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የኖርዌይ ጥናት ነው። 53 የሩማቶይድ አርትራይተስ ሕሙማን ነበሩ። ከግማሽ ጥቂት የሚበልጡት ከሳምንት እስከ 10 ቀን እህል ሳይቀምሱ በሾርባና በአትክልት ጭማቂ ጾሙ። ከዚያም ሥጋና ዓሣ ትተው፣ የመጀመሪያዎቹን ወራት ወተትም ጭምር ትተው፣ አንድ ዓመት ቆዩ። ሕመማቸው፣ እብጠታቸው፣ የጠዋቱ መድረቅም ቀነሰ። ሰገራቸው ሲመረመር ደግሞ የተሻላቸውና ያልተሻላቸው ሰዎች የአንጀት ባክቴሪያ ተለያይቶ ተገኘ።

የዐቢይ ጾም ማዕድ ትዝ አላችሁ? ለእኔስ ትዝ ብሎኛል። ነገር ግን ልብ በሉ፣ ሰዎቹ ጥቂት ነበሩ፣ የሚበሉትንም ያውቁ ነበር። ጾሙ በሽታውን አላጠፋም፣ መድኃኒትንም አልተካም። መድኃኒት የሚወስድ ጾመኛ የሚውጥበትን ሰዓት ከሐኪሙም ከንስሐ አባቱም ጋር ይመካከርበት።

(ሙዚቃ)

አሁን ማጀት እንግባ። ሕያው ባክቴሪያ ያለበት የትኛው ምግባችን ነው? እንጀራ? እርሾው ውስጥ ሞልቷል፤ ምጣዱ ግን ይፈጀዋል። እንጀራ የሚጠቅመን አንጀት ውስጥ ያሉትን በመመገብ ነው። ጠላስ? ስለ ጠላ ቆይቼ እነግራችኋለሁ፤ አትወዱልኝም።

ስልጆ ግን አለ። በጾም የምትሠሩት ስልጆ፣ በሱፍ ውኃ የበሰለው የባቄላ ገንፎ፣ ቀዝቅዞ ሰናፍጭ ይገባበትና ለቀናት ይብላላል፤ ከተብላላ በኋላ እሳት አያየውም። ስለዚህ ባክቴሪያው ከነሕይወቱ ገበታ ላይ ይቀርባል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊ ከተማሪዎቻቸው ጋር እንዲህ ያሉትን የሀገራችንን ምግቦች፣ እርጎን፣ ስልጆን፣ አዋዜን፣ ዳጣን፣ ለረጅም ዓመታት አጥንተዋል። እርጎን የሚያኮመጥጡትም ከነዚያው ከላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ወገን ናቸው።

ታዲያ እርጎ ፕሮባዮቲክ ነው እንበል? በጥብቅ ቋንቋ፣ አይባልም። የአንዷ ቤት ባክቴሪያ ከጎረቤቷ ይለያል፤ የትኛው እንዳለበት፣ ስንት እንደሆነ፣ ለመገጣጠሚያ ምን እንደሚያደርግ የመዘነው የለም። ጥሩ ምግብ ነው፤ ሕያው ነው፤ ፕሮቲንና ካልሲየም አለው። ከዚህ በላይ አትሸክሙት።

አሁን ወደዚያ ወደ ቀጠርኩት ነገር ደርሰናል። ያልተፈላ ወተት።

ላሞች፣ ፍየሎችና በጎች ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታ ይይዛቸዋል። ያስወርዳቸዋል። በሽታው ወደ ሰው የሚተላለፈው ባልተፈላ ወተትና ከዚያ በተሠራ እርጎና አሬራ ነው፤ የተጨናገፈ ጥጃና የእንግዴ ልጅ በባዶ እጅ በመንካትም ይይዛል። በሰው ላይ ሲታይ ምን ይመስላል? መጣ ሄድ የሚል ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ድካም፣ እንዲሁም የወገብና የመገጣጠሚያ ሕመም። ሰውየው «ቁርጥማት ያዘኝ» ይላል። ጎረቤት «እርጎ ጠጣ» ይለዋል። በሽታው ከዚያው ከወተቱ መጥቶ ሊሆን ይችላል! ወተቱ መኮምጠጡ ተህዋሱን በእርግጠኝነት አይገድለውም። የሚገድለው እሳት ነው።

«ካፈላነው እርጎ መቼ ይሆናል?» ትሉኝ ይሆናል። ጥያቄው ልክ ነው፤ መፍላቱ ጎጂውንም የሚያኮመጥጠውንም አብሮ ይጨርሳል። ስለዚህ መነሻ ይፈልጋል። ወተቱን ገንፍሎ እስኪነሣ አፍሉት። ጠብታው እጅ ላይ ሲያርፍ ለብ እስኪል አብርዱት። ከተፈላ ወይም ከፋብሪካ ካለፈ ወተት ከተሠራ እርጎ አንድ ሁለት ማንኪያ ጨምሩበት። ማንኪያው ይታጠብ። በወይራ የታጠነው ቅላችሁ ንጹሕ ይሁን እንጂ ይጠቅማል፤ ጭሱ የማይፈለገውን ተህዋስ ይገታል። ክደኑትና ሞቅ ያለ ቦታ ይደር። ከዚያ በኋላ ለሚቀጥለው መነሻ ከራሳችሁ እርጎ ትወስዳላችሁ።

ልድገመው፦ ወተት ይፈላል፣ ይበርዳል፣ ንጹሕ መነሻ ይገባበታል።

በጾም ወራት ደግሞ ባክቴሪያዎቻችሁን አታስርቧቸው። የወገራ ገብስ፣ በሶው፣ ቆሎው፣ ባቄላው፣ ጎመኑ፣ ሁሉም ለእነሱ ቀለብ ነው። ከተማ ስትገቡ ነጭ ዳቦና ለስላሳ መጠጥ እንደ ኑሮ መሻሻል አትቁጠሩት። በየሱቁ «ለሆዴ» እያላችሁ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የምትገዙት አንቲባዮቲክም ከክፉው ጋር ደጉን ባክቴሪያ ይጠርጋል።

(አጭር ሙዚቃ)

አንጀትና መገጣጠሚያ የሚገናኙበት አንድ ጥርጣሬ የሌለበት መንገድም አለ። በሺጌላ፣ በሳልሞኔላና በመሰሎቻቸው ከሚመጣ ተቅማጥ በኋላ፣ ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ፣ የአንዳንድ ሰው ጉልበት ወይም ቁርጭምጭሚት ያብጣል። ዓይን ይቀላል፣ ሽንት ያቃጥላል። ሆዱ ከዳነ ቆይቷልና ሰውየው ሁለቱን አያገናኛቸውም። ሐኪም ጋ ስትቀርቡ «ባለፈው ወር ተቅማጥ ይዞኝ ነበር» ማለትን አትርሱ። ለዚህኛው ዓይነት ከእርጎ ይልቅ ሳሙና፣ መጸዳጃ ቤትና ንጹሕ ውኃ ይበልጣሉ።

አሁን ስለ ጠላው። ለሩማቶይድ አርትራይተስ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው መድኃኒት ሜቶትሬክሴት ይባላል። የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። ደግሜ ልበለው፣ በሳምንት አንድ ቀን! በየቀኑ የወሰደ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት አትወስደውም፤ ለሐኪሟ አስቀድማ ትንገር። መድኃኒቱ ጉበትን ስለሚነካ ጠላውም፣ አረቄውም፣ ጠጁም አይስማማውም። በማኅበር ቀን ጽዋ ሲዞር መከልከል እንደሚከብድ አውቃለሁ። የቤቱ ባለቤቶች፣ «መድኃኒት ላይ ነኝ» ያለን ሰው አታስገድዱት።

ሌላው ስህተት መድኃኒቱን ጥሎ መሄድ ነው። እብጠቱ ሲጎድል ዳንኩ ተብሎ ክኒኑ ይቀመጣል። ወይም ጠበል ሲገቡ ይቆማል። ጠበላችሁን ተጠመቁ፣ ክኒናችሁንም ዋጡ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። የተጣመመ ጣት በኋላ በማንኛውም እርጎ አይቃናም፤ መድኃኒት የሚጠቅመው ቶሎ ሲጀመር ነው።

እንግዲህ የሁለት እጃችሁ ጣቶች አብጠው፣ ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ እየደረቁ፣ ስድስት ሳምንት ከደፈኑ አትጠብቁ። የጤና መድን ደብተራችሁን ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂዱ። ከዚያ ወደ ሆስፒታል፣ ካስፈለገም በ1947 ዓ.ም. በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት ወደተጀመረው ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሪፈር ይጻፍላችኋል። አንድ መገጣጠሚያ በድንገት አብጦ ትኩሳት ከያዛችሁ ግን ስድስት ሳምንት አይደለም፣ ስድስት ሰዓትም አትጠብቁ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ፤ በዝግታ ይገባል)

ከመለያየታችን በፊት ስለ ልጆች አንድ ነገር። ጉሮሮውን አሞት የነበረ ልጅ፣ ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ጉልበቱ አብጦ፣ ያ ሲለቀው ክርኑ ወይም ቁርጭምጭሚቱ ከተነሣ፣ የሩማቲክ ትኩሳት ሊሆን ይችላል። ይህ የልብን በሮች የሚያበላሽ በሽታ ነው። «ቁርጥማት ነው፣ ያድግበታል» አትበሉ፤ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሳምንት በዚሁ ሰዓት ስለዚህ ስለ ጉሮሮና ልብ ጉዳይ በሰፊው እናወራለን።

(ሙዚቃው ከፍ ይልና ያበቃል)